የአባት ግማሽ ፊት፦ ከጎጃም የመጣ የአንድ ቤተሰብ ፎቶ እድሳት

ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው፤ ከፖስትካርድ ብዙም አይበልጥም። ሦስት ሰው አለበት። እናት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አባት ከኋላ ቆመዋል። አጠገባቸው አንዲት ትንሽ ልጅ የእናቷን ቀሚስ ጨብጣ ካሜራውን በፍርሃት ታያለች። የተነሱት ደብረ ማርቆስ፣ ፎቶ ቤት ገብተው ነው። አባት የለበሱት ኮት የራሳቸው አይደለም፤ ፎቶ ቤቱ ያዋሳቸው ነው።

ያቺ ልጅ ዛሬ የልጅ ልጅ ያዩ እናት ናቸው። እኛ እትዬ እንላቸዋለን። ፎቶው መቼ እንደተነሳ ሲጠየቁ "ጃንሆይ ሳይወርዱ" ይላሉ። ጃንሆይ ከዙፋን የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ፎቶው ሃምሳ ዓመት አልፎታል ማለት ነው።

አባት በ1969 ዓ.ም. ለሚሊሺያ ተመለመሉ። ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥነው ወደ ኦጋዴን ግንባር ዘመቱ። አልተመለሱም። ከዚህ ፎቶ ሌላ ምስል የላቸውም። ሲዘምቱ ባለቤታቸው ነፍሰ ጡር ነበሩ፤ ኋላ የተወለደው ወንድ ልጅ አባቱን የሚያውቀው በዚህ ፎቶ ብቻ ነው።

እናት በስተርጅና መንኩሰው፣ እማሆይ ተብለው ኖሩ። ባለፈው ዓመት አረፉ። ሙት ዓመታቸው ሲቃረብ ልጆቻቸው ፎቶውን ትልቅ አድርገው ሊያሳትሙት ፈለጉ። ፎቶው ግን እንዳለ የሚታተም አልነበረም። በዚህ ምክንያት ነው ወደ እኛ የመጣው።

እኛ ጥቂት ሰዎች ነን። ግማሾቻችን ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳር፣ ሌሎቻችን አዲስ አበባ ነን። ግራፊክስ የሚሠራ አለ፣ መምህርት አለች፣ የሰርግ ፎቶ አንሺ አለ። ከሥራ መልስ፣ ማታ ማታ፣ የተበላሹ የቤተሰብ ፎቶዎችን በኮምፒውተር እናድሳለን። ክፍያ የለውም። ሐሳቡ የመጣው ከእኛ አይደለም። በመጋቢት 2003 ዓ.ም. ጃፓንን ሱናሚ ሲመታት በጎ ፈቃደኞች ከጭቃ ውስጥ ፎቶ እየለቀሙ፣ እያጠቡ ለባለቤቶቹ መልሰዋል። ቤኪ ማንሰን የተባለች የፎቶ ባለሙያ ደግሞ በየአገሩ ያሉ የሙያ ጓደኞቿን በኢንተርኔት አስተባብራ የተጎዱትን አሳድሳለች። የእኛ አገር ፎቶ የሚጎዳው ግን በአንድ ቀን ጎርፍ አይደለም። ጭሱ፣ የክረምቱ እርጥበት፣ ምስጡ፣ የዛገው ሚስማር ተራ በተራ ይበሉታል።

ምን ደረሰበት?

ፎቶው በመስታወት ፍሬም ሆኖ ግድግዳ ላይ ነው የኖረው። የጎጃም ደጋ ክረምት የታወቀ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ የጭቃ ግድግዳ ደረቀ አይባልም። አንድ ክረምት ቆርቆሮው አፈሰሰና ውሃው በግድግዳው ወርዶ ፍሬሙ ውስጥ ገባ።

እዚህ ላይ የዚያን ዘመን ፎቶ አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ምስሉ ያለው ወረቀቱ ላይ አይደለም። ወረቀቱን በሸፈነው ስስ የጄላቲን ንጣፍ ውስጥ ነው። ጄላቲን ከከብት ቆዳና አጥንት ይወጣል። ጥቃቅን የብር ቅንጣቶችን አቅፎ ይይዛል፤ ጥቁርና ነጩን የሚሠሩት እነዚያ ቅንጣቶች ናቸው። ውሃ ሲያገኘው ያብጣል፣ ይለሰልሳል። ፊት ለፊቱ መስታወት ካለ ይጣበቅበታል። ሲደርቅማ አለቀ፤ ጄላቲን ራሱ ሙጫ ነው።

በዚህ ፎቶ ላይ የተጣበቀው የላይኛው ቀኝ ክፍል ነው። የአባት ፊት ያለበት። ኋላ መስታወቱ ተሰነጠቀና አንዱ ስባሪ ረገፈ። ስባሪው ላይ የተጣበቀው የምስሉ ንጣፍም አብሮት ተላጠ። ማንም ልብ አላለውም፤ ተጠርጎ ተጣለ። የአባት አንድ ዓይንና ጉንጭ በዚያ ጥራጊ ሄደ። በቦታው የቀረው ባዶ ወረቀት ነው። በቀረው የፊታቸው ክፍልና በኮታቸው ላይ ደግሞ ቡናማ የውሃ እድፍ ተኝቶበታል። በእናት በኩል ያለው አልተጣበቀም፤ ነገር ግን ንጣፉ ደርቆ ከአገጫቸው እስከ ደረታቸው ተሰነጣጥቋል።

ከሩቅ ሲታይ ሁሉም "የተበላሸ ፎቶ" ነው። ሥራችን የተጀመረው ይህን አንድ ቃል በመበተን ነው። አንዳንዱ ቦታ ላይ ምስሉ ተሸፍኗል እንጂ አልጠፋም። አንዳንዱ ቦታ ላይ ጠፍቷል። የመጀመሪያውን ማውጣት ይቻላል። ሁለተኛውን ማውጣት አይቻልም፤ የሚቻለው መፍጠር ብቻ ነው። ማደስና መፍጠር የሚለዩት እዚህ ላይ ነው፤ በእኔ እምነት አዳሽ ነኝ የሚል ሰው ይህን ድንበር በየደቂቃው ማየት አለበት።

መቅዳት

መጀመሪያ የደረሰን የእትዬ የልጅ ልጅ በስልኩ አንስቶ በቴሌግራም የላከው ነበር። ፍላሹ መስታወቱ ላይ አብርቶ አባትን ሙሉ በሙሉ አጥፍቷቸዋል። ቴሌግራም ላይ እንደ ተራ ፎቶ የተላከ ነገር ደግሞ ተጨምቆ ነው የሚደርሰው፤ እንደ ፋይል ካልተላከ ጥቃቅኑ ዝርዝር ይቀራል። ስለዚህ ዋናው ፎቶ ራሱ እንዲመጣ ለመንን። እትዬ ፍሬሙን በጋቢ ጠቅልለው፣ አውቶቡስ ላይ ጭናቸው ላይ አድርገው አመጡት።

ማላቀቁን አልሞከርነውም። ውሃ ውስጥ ቢዘፈዘፍ ይለቃል የሚል ምክር በየቦታው አለ። አንዳንዴ እውነት ነው። ሻጋታ የነካው ጄላቲን ግን ውሃ ውስጥ ሟሙቶ ሊቀር ይችላል፤ የዚህ ፎቶ ጠርዝ ደግሞ ሻጋታ ነበረበት። የአባታቸው ምስል ይህ ብቻ ለሆነ ሰዎች እንዲህ ያለ ሙከራ አይሠራም። መስታወቱን በውጭ በኩል በእርጥብ ጨርቅ ጠርገን ከነመስታወቱ ልንቀዳው ወሰንን።

ቢሮ ውስጥ ያለው ከፕሪንተር ጋር የተሠራ ስካነር አልጠቀመንም። ብዙዎቹ ስስና ርካሽ ስካነሮች አጥርተው የሚያነቡት የራሳቸውን መስታወት የነካውን ነገር ብቻ ነው። የፍሬሙ መስታወት ውፍረት ብቻ ምስሉን አደበዘዘው። ስለዚህ ፎቶ አንሺው ጓደኛችን ካሜራውን ቁልቁል አጥምዶ፣ ፍሬሙን ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ፣ ከግራና ከቀኝ እኩል ብርሃን አድርጎ ያለ ፍላሽ አነሳው። የካሜራው ነጸብራቅ አስቸገረ። ጥቁር ጨርቅ ካሜራውን ሸፍኖ ሌንሱን ብቻ ቢያስወጣ ይጠፋል። ጥቁር ጨርቅ ስንፈልግ እትዬ የለበሱትን የሐዘን ነጠላ ከትከሻቸው አወረዱ። "እንካችሁ ልጆቼ፣ እሱም የለበስኩት ለእሷው ነው" አሉ።

ከዚያ በኋላ ሌላ ዙር አነሳን፤ መብራቱን ዝቅ አድርገን ከጎን ብቻ እየሰጠን። ከጎን የሚመጣ ብርሃን እያንዳንዱን ስንጥቅና እያንዳንዱን እብጠት በጥላው ያሳያል። ይህ ኋላ ላይ የእናትን አንገት አተረፈልን።

ፋይሉን ያስቀመጥነው ቲፍ በሚባለው የምስል ፋይል ዓይነት ነው። የተለመደው ጄፔግ በተቀመጠ ቁጥር እየጨመቀ ያጎድላል። የመጀመሪያው ቅጂ ሳይነካ ተቀምጧል፤ ሥራው ሁሉ የተሠራው በግልባጩ ላይ ነው።

ከእድፉ ሥር

ፎቶው ጥቁርና ነጭ ይሁን እንጂ የቀዳነው በቀለም ነው። ምክንያት አለው። ዲጂታል ምስል ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ የተሠራ ነው፤ እያንዳንዱን ለብቻው አውጥቶ ማየት ይቻላል። ቡናማ እድፍ በሰማያዊው ላይ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። በቀዩ ላይ ግን ይሳሳል፤ አንዳንዴም የለ እስኪመስል ድረስ።

ሰማያዊውን አጥፍተን ቀዩን ብቻ አየነው። የአባት ጆሮ ወጣ። የመንጋጋቸው መስመር ወጣ። የኮቱ ኮሌታና ሳይዋደድ የታሰረው ከረባት ወጣ። አንድም ነገር አልጨመርንም። ብሩ እዚያው ነበር፤ ዓይናችን ነው ያላየው።

እትዬ ስክሪኑን ተጠግተው ብዙ ቆዩ። "ጆሮው እንዲህ ገንጠል ያለ ነበር እንዴ?" አሉ። ከዚያ ወንድማቸውን ጠሩና ፊቱን ወደ ጎን አዙረው አሳዩን። ቁርጥ አባቱ! ጆሮው ያው ነው። እኝህ ሰው አባታቸውን አይተው አያውቁም። እህታቸውም ቢሆኑ አባታቸው ሲዘምቱ ትንሽ ልጅ ነበሩ። ቤቱ ውስጥ ያ ጆሮ የማን እንደሆነ የሚያውቁት እማሆይ ብቻ ነበሩ ማለት ነው።

"ንቅሳቷን ማን አጠበው?"

እኛ በዚህ ላይ እያለን ያ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የልጅ ልጅ ሊያግዘን ብሎ ፎቶውን በስልኩ ላይ ባለ የኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) አፕ አሳልፎ ለአያቱ ላከው። ልጁ ያደረገው በቅንነት ነው። ውጤቱም በመጀመሪያ ዓይን ጉድ ያሰኛል። ስንጥቁ የለም፣ እድፉ የለም፣ ሁሉም ፊት ጥርት ብሏል፤ አባት ሁለት ዓይን አላቸው።

እትዬ የአባታቸውን ዓይን አላዩም። ቀጥታ የሄዱት ወደ እናታቸው አንገት ነው። "ንቅሳቷን ማን አጠበው?" አሉ።

እማሆይ እንደ ብዙ የዘመናቸው የጎጃም ሴቶች አንገታቸውን ተነቅሰው ነበር። በመርፌ ተወግቶ፣ ጥላሸት ገብቶበት፣ አንገትን የሚዞር ረድፍ። ልጃገረድ ሳሉ ታመው፣ ደምተው የተዋቡበት ነው። ፎቶ ቤት የሄዱትም አንገታቸውን ሳይሸፍኑ ነው። ለካሜራው ነጠላቸውን ወደ ትከሻ ገፋ አድርገው መቀመጣቸው ይታያል። አፑ ይህን ሁሉ ጭረት ነው ብሎ አጽድቶታል።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን መረዳት አይከብድም። ፊት የሚያድሱ ፕሮግራሞች ፊት ምን እንደሚመስል የሚማሩት ከሚሰጧቸው ፎቶዎች ነው። ከታወቁት አንዱ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ጂኤፍፒጋን ነው፤ የተማረው ፍሊከር ከተባለው ድረ ገጽ በተሰበሰቡ 70,000 የፊት ፎቶዎች ነው። የደበዘዘ ፊት ሲሰጠው፣ ከተማረው ተነስቶ ይሆናል ያለውን ፊት ይሠራል። ዓይኑ ብሩህ፣ ቆዳው ለስላሳ ይሆናል። ጥራቱ ግን ከፎቶው የወጣ አይደለም። አንገቷን በረድፍ የተነቀሰች የጎጃም ሴት ከእነዚያ ፎቶዎች ውስጥ ስንት ጊዜ ታይታለች?

ይህን ስል ኤአይ አይነካ እያልኩ አይደለም። ከበስተጀርባው ግድግዳ ላይ ያለ ጭረት ለማንሳት እኛም እንጠቀምበታለን። ፊትና አንገት ላይ ግን አንለቀውም። የሰው ገላ ላይ ያለ ምልክት ጉዳት ይሁን ታሪክ የሚያውቀው ቤተሰቡ ነው፤ ፕሮግራሙ ሊጠይቃቸው አይችልም፣ እኛ ግን እንችላለን።

ንቅሳቱን ከስንጥቁ መለየት ደግሞ የራሱ ትዕግሥት አለው። ሁለቱም ቀጭን ጥቁር መስመር ናቸው፤ ሁለቱም አንገት ላይ ናቸው። መምህርቷ ጓደኛችን ናት የያዘችው። ከጎን በበራው ቅጂ ላይ ስንጥቅ ጥላ ይጥላል፤ ንቅሳት አይጥልም። ስንጥቅ ከቆዳው ተነስቶ ማተቡን አቋርጦ ቀሚሱ ላይ ይቀጥላል፤ ንቅሳት ልብሱ ጋ ሲደርስ ያበቃል። ስንጥቅ እየተሰበረ ይሄዳል፤ ንቅሳት የአንገቱን ክብ ተከትሎ ይዞራል። እያንዳንዷን መስመር በዚህ እያየች፣ ስንጥቁን ብቻ ከአጠገቡ ባለው የቆዳ ጥላ እየሞላች ሄደች። ለዚህ የሚያገለግለው መሣሪያ ፎቶሾፕ ላይ ሂሊንግ ብራሽ የሚባለው ነው፤ በነጻ የሚገኘው ጂምፕም አለው። መሣሪያው ቀላል ነው። ከባዱ የት ላይ ማቆም እንዳለበት ማወቅ ነው።

አንድ ቦታ ላይ ስንጥቁ በትክክል በንቅሳቱ መስመር ላይ ወድቆ ነበር። እዚያ ፎቶው አይናገርም። ወደ እትዬ ደወልን። ምንም አላሰቡም፤ "ሦስት ረድፍ ነው፣ የታችኛው ነጠብጣብ አለው። ፀጉሯን ስሠራት አየው አልነበር?" አሉ። እውነትም ከማተቡ በስተቀኝ፣ ስንጥቅ ያልነካው ቦታ ላይ፣ የነጠብጣቡ ጫፍ ይታይ ነበር። በዚያ ተሞላ።

የጠፋው ግማሽ

የቀረው የአባት ፊት ነው። ከእድፉ ሥር የወጣው ሁሉ ከወጣ በኋላም ስባሪው ይዞት የሄደው ቦታ ባዶ ነው። አንድ ዓይን፣ አንድ ጉንጭ፣ የአፍንጫው ግማሽ።

እናት ላይ እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥመን መላ ነበረው። የኋላ ዘመን ጉርድ ፎቶ አላቸው። የዚያው ሰው ሌላ ፎቶ ካለ፣ ዕድሜው ቢለያይም፣ ቢያንስ የዓይኑን ቅርጽና የቅንድቡን አጣጣል ያሳያል። አባት ግን ሌላ ፎቶ የላቸውም።

ወንድምየው ሐሳብ አቀረቡ። "እኔን ቁርጥ አባትህ ይሉኛል። የእኔን ዓይን አንሱና ሙሉበት።" ይህ ጥያቄ ቡድናችንን ለሁለት ከፍሎታል። ግራፊክስ የሚሠራው ጓደኛችን ይሠራላቸው አለ፤ ፎቶው የእነሱ ነው፣ አባቱም የእነሱ ነው፣ እኛ ማን ነን የምንከለክለው? ክርክሩ ቀላል አይደለም። ሰውየው ዕድሜ ልካቸውን የአባት ፊት ሳያዩ ኖረዋል።

እኔ ግን የተቃወምኩት ወገን ነኝ፤ አሁንም ሐሳቤን አልቀየርኩም። ዛሬ የልጁ ዓይን መሆኑን እኛ እናውቃለን። ፎቶው ትልቅ ሆኖ ግድግዳ ላይ ከዋለ በኋላ የሚወለዱት ግን አያውቁም። "አያታችን እንዲህ ነበሩ" ይላሉ። ያኔ የአባትን ፊት ያጣነው ሁለተኛ ጊዜ ነው፤ የመጀመሪያው ስባሪ ቢያንስ ባዶ መሆኑን ያሳይ ነበር።

ውሳኔው የእኛ አልነበረም። የወሰኑት እትዬ ናቸው። "ያላየሁትን ዓይን ምን ብዬ አልቅሼ እቀመጥበታለሁ?" ብለው ዘጉት። ወንድማቸው አልወደዱትም፤ ታላቅ እህት ናቸውና ግን አልተከራከሩም።

ስለዚህ ባዶው ቦታ ነጭ ሆኖ ዓይን እንዳይስብ ብቻ አደረግነው። በዙሪያው ካለው ጥላ ጋር የሚሄድ ግራጫ ቀባነው። ምንም ቅርጽ አልሰጠነውም። አሁን ፎቶውን የሚያይ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ያለውን ፊት ነው፦ አንዱን ዓይን፣ ገንጠል ያለውን ጆሮ፣ የተዋሰውን ኮት። ከዚያ ነው የጎደለውን የሚያስተውለው። የጀርባውን መጋረጃ በሌላው ወገን ካለው እየቀዳን ሞልተነዋል፤ የፎቶ ቤት መጋረጃ ላይ ይህን ያህል አንጨነቅም።

ለሙት ዓመቱ 30 በ40 ሳንቲሜትር ሆኖ ታተመ። በትንሹ የታተመ ሌላም አለ፤ እድፉ ብቻ ተነስቶለት ስንጥቁና ባዶው እንዳለ የተተወ። ሁለቱም ጀርባቸው ላይ ምን እንደተነካና ምን እንዳልተነካ በእርሳስ ተጽፎባቸዋል። ዋናው ፎቶ ከነመስታወቱ ወደ ቤቱ ተመልሷል፤ ግድግዳ ላይ ሳይሆን ሳጥን ውስጥ፣ ከምድጃው ርቆ፣ በንጹሕ ወረቀት ተጠቅልሎ። ከዚያ ወዲህ ፎቶ ስንቀበል አስቀድመን የምንጠይቀው ነገር ተጨምሯል፦ ንቅሳት፣ ጠባሳ፣ የቅንድብ ላይ ምልክት አለባቸው ወይ?

ወንድምየው ነገሩን አልተዉትም። ከአባታቸው ጋር ከዘመቱት አንዱ የቢቸና ሰው ነበሩ፤ ቤተሰባቸው ከዘመቻው በፊት በቡድን የተነሱት ፎቶ አለው ይባላል። እሱን እያፈላለጉ ነው። የእኛ ፋይል ላይ የአባት ባዶ ቦታ ለብቻው፣ በራሱ ሌየር (ከቀረው ምስል ተለይቶ በሚከፈት ንብርብር) ላይ ተቀምጧል። የቢቸናው ፎቶ ከተገኘ የሚከፈተው እሱ ብቻ ነው።